መኪናውን እንዳትነኩ

አንድ ሰው ነበር። ማለዳ ተነሣ፣ መኪናውን አሞቀ፣ አባቱን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ወጣ። በዚያው ማለዳ ሌላ ሰው ደግሞ ተነሣ፣ እሱም መኪናውን አሞቀ፣ እኚያኑ አባት እዚያው ሐኪም ቤት ሊያደርስ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ምን ክፉ ነገር አለው ወገኖቼ? ለአንድ ሽማግሌ ሁለት መኪና። ስንቱ አባት አንዱንም አጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ታክሲ ይጠብቃል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም።

የመጀመሪያው ላቀው ይባላል፤ የሽማግሌው የአብራክ ልጅ ነው። ሁለተኛው ደምሰው ነው፤ የላቀውን እህት የሺን ያገባ፣ አማች። አንዱ እንደሚመጣ ሌላው አያውቅም። ማን ይንገረው? የሺም ብትሆን የባሏን ስም ወንድሟ ፊት ማንሣት ካቆመች ቆይታለች፤ የወንድሟንም ስም ባሏ ፊት እንደዚያው። እንዲህ ያለ ቤት ታውቃላችሁ አይደል? ስም እየተዘለለ የሚወራበት ቤት።

አባትየው አባባ ዘለቀ ይባላሉ። አዳማ ውስጥ ብዙ ሙሽራ ያለበሱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የዓይን ሞራ ቀስ እያለ ጋረዳቸው። መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ በኋላ ሰውን በድምፁ ብቻ ይለዩ ጀመር። ከሩቅ የመጡ የዓይን ሐኪሞች በከተማው ሐኪም ቤት በዘመቻ ሞራ ሲገፍፉ ሰንብተው ያ ቀን የመጨረሻቸው ነበር፤ የአባባ ዘለቀ ተራም በዚያው ጠዋት ነው። ተራው ካለፈ አለፈ። ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

ላቀው ደውሎ አደርስሃለሁ ሲላቸው እሺ አሉት። ደምሰው ደውሎ አደርስዎታለሁ ሲላቸው ለእሱም እሺ አሉት። ረስተው ይሁን አውቀው እኔ አልጠየቅኳቸውም፤ እናንተም እኔን አትጠይቁኝ።

ቤታቸው ያለው አንድ መኪና ብቻ በምታሳልፍ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ላቀው ከአስፋልቱ በኩል ገባ፣ ደምሰው ከወፍጮ ቤቱ በኩል ገባ፣ በሩ ላይ ተፋጠጡ። አንዱ ክላክስ አደረገ፤ ሌላው መለሰለት። ማን ወደ ኋላ ይመለስ? ላቀው በልቡ «የገዛ አባቴ በር ላይ እኔ ልመለስ?» ይላል። ደምሰው በልቡ «ዛሬም ዞር በል የምባለው እኔ ነኝ?» ይላል። ላቀው ትንሽ ወደ ፊት ፈቀቅ አለ። ደምሰውም ትንሽ ፈቀቅ አለ። አሁንም ትንሽ። ከዚያ ጓ አለ።

የአንዱ ፓራውልት ተጣመመ፣ የሌላው ፍሬቻ ተሰበረ። አደጋው ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ወረዱ። ብዙ ዘመን ተኮራርፈው ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገሩት ቃል ምን ይመስላችኋል? «ዓይን የለህም እንዴ?» «አንተስ ዓይን የለህም?» ዓይናቸውን ሊታከሙ ታጥበው በተዘጋጁ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው፣ ዓይን የለህም ይባባላሉ።

ከዚያማ የምታውቁት ሆነ። ሰፈሩ ወጣ። አገራችን ሌላው ሌላው ሊጎድላት ይችላል፣ ዳኛ ግን ጎድሏት አያውቅም። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ቀኙን የያዘው ማን እንደሆነ ያስረዳል። ከመሃል አንዱ ድምፁን ከፍ አደረገና ሁላችንም በቃላችን የያዝናትን ሕግ አወጀ፤ «ትራፊክ ሳይመጣ መኪናውን እንዳትነኩ» አለ።

እንዳትነኩ። ከተነካ ጥፋተኛው አይታወቅማ። ትራፊክ ይምጣ፣ ይለካ፣ ፕላን ያንሣ፣ ከዚያ ይፈረድ። እስከዚያ ድረስ መኪናው እንደተጋጨ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ እንደተነካካ ይቁም። ደምሰው ድንጋይ ፈልጎ ጎማው ሥር አደረገ። ላቀው ይህን አይቶ እሱም ድንጋይ ፈለገ። መንገዱ ሜዳ ነው እኮ። ወዴት እንዳይንሸራተት ነው?

መንገዱ ተዘጋ። ባጃጅ መጣ፣ አይቶ ተመለሰ። ከወፍጮ ቤት ዱቄት ያዘለች ሴት በመኪናና በአጥር መሃል ስትሽሎከሎክ የላቀውን መኪና ነጭ በነጭ አደረገችው፤ እሱም ላይ ክርክር ተነሣ።

በዚህ መሃል የግቢው በር ተከፈተና አባባ ዘለቀ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ዓይናቸው ሳይደክም ለራሳቸው የሰፉትን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው። ጫጫታው ወዳለበት ዞረው «ሰው ተጎዳ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ማንም አልመለሰላቸውም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ፍሬቻው ነው። ደግመው ጠየቁ። ላቀው ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ማንም አልተጎዳም አባዬ፤ መኪናዬን ነው ያበላሸው» አላቸው።

«ታዲያ ለምን አንሄድም?»

«ትራፊክ እስኪመጣ ነው።»

አባባ ዘለቀ ነገር የሚያበዙ ሰው አይደሉም። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ስልክ ጮኸ። የሺ ናት፤ በማለዳ ሄዳ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዛለች። የአባቷ ስም ሊጠራ እንደተቃረበ ለባሏ ነገረችው። ቆየት ብላ ለወንድሟ ደወለች፤ ስሙ ተጠርቶ አልፏል። ነርሷን ብትለምናት፣ ሐኪሞቹ ሳይጨርሱ ከደረሳችሁ እናያለን ብላታለች፤ ከጨረሱ ግን ዕቃቸውን ጭነው መሄዳቸው ነው። ምን ነካችሁ ብላ ለሁለቱም አለቀሰችባቸው።

አሁን እናንተ በልባችሁ፣ ባጃጅ አይጠሩም ነበር ወይ ትላላችሁ። ተጠራ እንጂ። አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጠበቀ። ግን ከማያዩ ሽማግሌ ጋር ማን ይሂድ? ላቀው ከሄደ፣ ደምሰው ብቻውን ቀርቶ ለትራፊኩ ያሻውን ይናገራል። ደምሰው ከሄደ፣ ላቀው ጥፋቱን በሌለበት ይደፋበታል። ስለዚህ ሁለቱም አልሄዱም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የተሰበረ ፍሬቻ ሲጠብቁ የአባታቸው ዓይን ሊያመልጣቸው ነው።

አንዲት ጎረቤት አላስችላት ብሎ «አባባ፣ ይነሡ፤ እኔ ላድርስዎት» አለቻቸው።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ አባባ ዘለቀ። «ሁለት ልጆቼ በሬ ላይ ቆመው እኔን ጎረቤት አያደርሰኝም። እጠብቃቸዋለሁ።»

ሁለት ልጆቼ። ላቀው ይህን ሰምቶ አላስተዋለውም፤ ልጅ መባል ለእሱ ምን አዲስ ነገር አለው? ደምሰው ግን ሰማው። ከክርክሩ ወጣና የመኪናውን ኮፈን ተደግፎ ዝም አለ።

ለምን ዝም እንዳለ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የአባባ ዘለቀ ባለቤት ታመው አልጋ ላይ በዋሉበት ዘመን ያስታመሟቸው የሺና ደምሰው ናቸው። ላቀው ሥራው ከከተማ ውጭ ስለነበር እየተመላለሰ ይጠይቅ ነበር። ሴትዮዋ ያረፉ ዕለት ድንኳን ተተከለ፤ ቀብሩ እዚህ ይሁን ወይስ ትውልድ አገራቸው የሚል ነገር ተነሣ። ደምሰው ሐሳብ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት፣ ላቀው ሐዘን ባቃጠለው አንደበቱ «ይሄ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለው። በቃ፣ ይህችን ብቻ ነው ያለው። ደምሰው ሆድ ይፍጀው ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ላቀው ያለበት ቤት አይገባም። ላቀው ደግሞ «ምን አድርጌው ነው የሚያኮርፈኝ?» ብሎ እሱም አኮረፈ። ዓመት በዓል ሲመጣ አባባ ዘለቀ ሁለት ጊዜ ይበላሉ፤ ከረፋዱ ላይ ከልጃቸው ጋር፣ ከሰዓት ከአማቻቸው ጋር። በዚያ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ዶሮ መብላት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እንመለስ። ትራፊኳ በሞተር መጣች፤ ወጣት ሳጅን ናት። ሰላምታ ሰጠች፣ ሰውን ገለል አደረገች፣ መንጃ ፈቃድ ተቀበለች። ከዚያ በቅርቧ ወደቆመው ወደ ደምሰው ዞራ እንደ ሥራዋ ጠየቀችው።

«መቼ ነው የተጋጫችሁት?»

ደምሰው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። «አማቴ ያረፉ ዕለት» አላት።

ብዕሯ ቆመ። ከሰዉ መሃል አንዱ ሳቀ፤ ሌላ ሰው ስላልሳቀ እሱም ተወው።

የአማርኛችን ነገር እንዲህ ነው። መኪናም ይጋጫል፣ ሰውም ይጋጫል፤ ቃሉ አንድ ነው። ሳጅኗ የጠየቀችው ስለ ብረቱ ነው፣ ደምሰው የመለሰላት ስለ ሆዱ ነው። ተሳሳተ ትሉኛላችሁ? እኔ እንኳ በዚያ ጠዋት እዚያ በር ላይ ከተነገረው ሁሉ እውነተኛው መልስ እሱ ይመስለኛል። በሩ ላይ ጓ ያለው ነገር በዚያ ጠዋት አልተጀመረማ።

ሳጅኗ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ የጠየቅኩት ስለ መኪናው ነው» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ደምሰው። ከጀመረው በኋላ ግን መመለስ አልቻለም። «ድንኳኑ ውስጥ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አለኝ። እኔ እጅ ላይ እኮ ነው ያረፉት።»

ላቀው አፉን ከፈተ። ሊል የነበረውን እናውቀዋለን። «እንዲህ ማለቴ አልነበረም» ሊል ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ተደብቀንባታል? ነገር ግን አባቱ ከተቀመጡበት ሆነው ቀደሙት።

«ላቀው፣ ቅድም ሰው ተጎዳ ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር» አሉት። ቁጣ የለባቸውም። መልሱን የሚፈልግ ሰው እንደሚጠይቅ ነው የጠየቁት።

ላቀው አባቱን አየ። ከዚያ ደምሰውን አየው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ፊቱን አቅንቶ አይቶት አያውቅም ነበር።

«ተጎድቷል አባዬ» አለ። «እኔ ነኝ የጎዳሁት።»

ሳጅኗ ሥራ አለባትና፣ ሰው ካልቆሰለ እናንተም ከተስማማችሁ መንገዱን መልቀቅ ትችላላችሁ፣ አይ ካላችሁ ፕላን አነሣለሁ አለቻቸው። ላቀው ጥፋቱ የእኔ ነው አላት።

«የቱ? የመኪናው ነው የድንኳኑ?» አለችው።

«ሁለቱም።»

«የመኪናውስ የሁለታችንም ነው» አለ ደምሰው። ጎንበስ ብሎም ድንጋዩን አወጣ። ከራሱ ጎማ ሥር መሰላችሁ? ከላቀው ጎማ ሥር ነው።

ላቀው ያን ጠባብ መንገድ እስከ አስፋልቱ ድረስ ወደ ኋላ ነዳ። ደምሰው አባባ ዘለቀን ከፊት አስቀምጦ አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ላቀው መኪናውን ዳር አስይዞ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ የኋላውን በር ከፍቶ ገባ። መንገድ ላይ ላቀው ከኋላ ሆኖ «ይቅር በለኝ» አለ። ደምሰው መሪውን እንደያዘ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለው። አባባ ዘለቀም አሜን ብለው ትንሽ ፈጠን በል አሉት።

የሺ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷ ከባሏ መኪና ሲወርዱ አየች። ቀጥሎ ከኋላ ወንድሟ ሲወርድ ስታይ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ነርሷ ሽማግሌው የሞቱ መስሏት ሮጣ መጣች። ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ማሰር ጀምረው ነበር። የመጨረሻው በሽተኛ አባባ ዘለቀ ሆኑ።

በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። ሁለቱ ወንዶች አልጋው አጠገብ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሽማግሌው ብርሃኑን እስኪለምዱት ዓይናቸውን ከደን ከፈት አደረጉ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ ቆይተው ፈገግ አሉና «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ ያረጃችሁት?» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ይህን የነገረኝ ሰው እንደነገረኝ ሳቅኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን አልሳቅኩም። በዚያ ሁሉ ኩርፊያ መሃል ዕድሜ ቆሞ አልጠበቃቸውም ነበር። ራሳቸው ላይ ሽበት ሲወጣ አንዱ የሌላውን አላየም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከመካከላችሁ መኪና የሌለው ይበዛል፤ እኔም አንዱ ነኝ። ያልተጋጨ ግን ማን አለ? አንድ ቃል ናት። ሠርግ ላይ ሳይጠራችሁ የቀረ ሰው ነው። ለቅሶ ሳይደርሳችሁ የቀረ ወዳጅ ነው። የተሰበረው ፍሬቻ ነው ወገኖቼ፣ እናንተ ግን መኪናውን መሃል መንገድ ላይ አቁማችሁ፣ ድንጋይ ጎማው ሥር አስገብታችሁ፣ ትራፊክ ትጠብቃላችሁ። አንድ ሰው መጥቶ፣ ለክቶ፣ «አንተ ትክክል ነህ፣ እሱ ነው ያጠፋው» እስኪላችሁ። ስንት ዓመት ጠበቃችሁት? መጣ?

ስለ ከባዱ አደጋ አይደለም የማወራው፤ እንዳትሳሳቱብኝ። በየቀኑ የሚደበድባት ሰው ያላት እህት እዚህ ካለች፣ ዝም ብለሽ ታረቂ አልላትም። ለእሷ እርዳታ ነው የሚጠራላት፣ እኛም አብረናት እንቆማለን። እኔ የማወራው ጭረት ሆና ሳለች ዘመድ ስለለየችው ነገር ነው።

ደግሞ ገጭተን ያለፍን አለን። ላቀው እንዲያ ነበር። ምን አድርጌው ነው ይል ነበር፤ ውሸቱን አይደለም፣ እውነቱን ነው፤ ወርዶ አላየማ። እናንተስ ወርዳችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውረዱ። ውረዱና እዩ። ስትወርዱም መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው «ማን አጠፋ?» አይሁን። «ተጎዳህ ወይ?» ይሁን። ይህችን ጥያቄ ሚስቱን ጠይቆ የማያውቅ ባል አለ። ልጇን ጠይቃ የማታውቅ እናት አለች። ጠይቁና መልሱን ቆማችሁ ስሙት። ያማል፤ እኔ አያምም አልላችሁም። ግን ደምሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የተናገረው፣ ላቀውም በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የመለሰለት። ያን ያህል ዓመት የፈጀው ይህን ለመናገር ነበር።

ጌታ ከባላጋራችን ጋር ገና በመንገድ ሳለን እንድንስማማ አይደለም ወይ የነገረን? በመንገድ ሳለን ነው። ዳኛ ፊት ከቀረብን በኋላ አላለም።

እስኪ ደግሞ ከኋላችሁ ማን እንደቆመ ዞር ብላችሁ እዩ። አጎቱን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ልጅ አለ። በሁለት ቤት መሃል ስም እየዘለለች የምታወራ ሚስት አለች። እነሱ ክላክስ አያደርጉባችሁም፤ ዝም ብለው መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሰላም ነው ትላላችሁ።

«አሁንማ ዘገየ» የምትሉም አላችሁ። እኔ ግን አልዘገየም እላችኋለሁ። ሰውየው በሕይወት ካለ፣ እናንተም በሕይወት ካላችሁ፣ አልዘገየም። እንዲያውም እሱም ቤቱ ተቀምጦ ማን ይጀምር እያለ ሊሆን ይችላል። ስንት ሰው በር ሊያንኳኳ ሄዶ በሩን ተከፍቶ አገኘው መሰላችሁ።

ስብከቴን እዚህ ላይ አቆማለሁ። አሁን መባ የምንሰበስብበት ሰዓት ነው። ነገር ግን እኔ ስናገር አንድ ሰው ፊታችሁ ላይ የመጣባችሁ ካላችሁ፣ መባው ይቆያችኋል። ጌታ ራሱ መጀመሪያ ሂድና ታረቅ ብሏልና አይቀየማችሁም። ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ግቢው ውጡና ደውሉ። ካላነሣ ደግማችሁ ደውሉ። መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ እኛ እንጠብቃችኋለን።

አትተያዩ። ማን ይነሣ ይሆን ብላችሁ አትጠብቁ።

ይኸው፣ ከመሃል አንድ ወንድም ተነሣ። እባካችሁ እግራችሁን ሰብስቡና አሳልፉት።